ከለንደን ኒውዮርክ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው? አራት ቦታ አራት መልስ አገኘን

አባ_ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስድስተኛ ክፍል ያለችው ልጄ የቤት ሥራ ተሰጣት፦ የሁለት ከተሞችን ርቀትና የበረራ ጊዜ ፈልጋችሁ ጻፉ ይላል። ለንደንና ኒውዮርክን መረጠች። አምስት ደቂቃ አይፈጅም ብዬ አብሬያት ተቀመጥኩ። ይኸው ሁለተኛ ምሽታችን ነው።

አንዱ ድረ ገጽ ርቀቱ 5,570 ኪሎ ሜትር ነው አለን። ሌላው 5,555። ሦስተኛው 5,541። አራተኛው 2,999 ብሎ ቁጭ። ሰዓቱማ ጭራሽ ግራ የሚያጋባ ነው። ርቀት የሚያሰላው ድረ ገጽ 7 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ይላል፤ ሲሄድም ሲመለስም ያው። የአየር መንገዶችን የጊዜ ሰሌዳ ስናይ ግን ወደ ኒውዮርክ 8 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ለንደን 7 ሰዓት ገደማ ነው። «አባ፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩባት፤ ሳቄን ስጨርስ ግን የምመልሰው እንደሌለኝ ገባኝ።

እስቲ የምታውቁ አስረዱን። የሚጻፈው የትኛው ነው?

ሞኝ_አይደለሁም

ይሄማ ቀላል ነው ወንድሜ። ምድር ወደ ምሥራቅ ትዞራለች፤ ወደ ምሥራቅ የሚበረውን ይዛው ትሄዳለች፣ ወደ ምዕራብ የሚበረው ይታገላታል። አለቀ።

ቀመር

አላለቀም። ምድር ስትዞር አየሩንም ይዛ ነው የምትዞረው፤ አውሮፕላኑም ገና ማኮብኮቢያው ላይ ቆሞ ሳለ አብሯት እየዞረ ነው። ምድር ወገብ ላይ ያ ዙረት በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ወደኋላ ይቀር ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑን ተወው፣ ከቤት መውጣትም አይቻልም ነበር። ደግሞ አስበው፦ ከሥር ያለችው ምድር ብቻ ብትዞርና አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ኒውዮርክ ራሷ ወደ አንተ ትመጣ ነበር። ያኔ የሚያጥረው ወደ ምዕራብ የሚሄደው ነው። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው።

ሰዓቱን ለሚያውቁት ትቼ ርቀቱን ልንገርህ አባ ጥያቄ። አራቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው።

5,570 የሚለው ከከተማ መሀል እስከ ከተማ መሀል ለክቶ ነው። 5,541 እና 5,555 የሚሉት ከሂትሮው እስከ ኬኔዲ፣ ማለት ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የ14 ኪሎ ሜትር ልዩነት ከምድር ቅርጽ የመጣ ነው። አንደኛው ምድርን ፍጹም ክብ ኳስ አድርጎ፣ ከመሀሏ እስከ ገጿ 6,371 ኪሎ ሜትር ብሎ ያሰላል። ሃቨርሳይን የሚባለው ቀመር ነው፤ ቢሮ ውስጥ በኤክሴል ሞክሬዋለሁ፣ አንድ መስመር ትበቃዋለች። ሌላው ምድር ዋልታዎቿ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ማለቷን ያስገባል፤ ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ቅርጽ ነው። ይህ የቅርጽ ስሕተት ቢበዛ ከመቶ ግማሽ ያህል ነው፤ ለቤት ሥራ ቁምነገር የለውም፣ ሚሳይል ለሚያነጣጥር ግን አለው።

2,999 ያለህ ደግሞ በባሕር ማይል ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ስለሆነ አባዛው፣ 5,554 ይመጣል።

አባ_ጥያቄ

እግዜር ይስጥህ። ባሕር ማይል ግን ለአውሮፕላን ምን አገባው?

ጡረተኛው_ዲስፓቸር

ይሄን ጥያቄ ማለፍ አልቻልኩም፤ ሥራዬ ነበር። የበረራ እቅድ እያዘጋጀሁ ነው ያረጀሁት።

የባሕር ማይል የምድር የራሷ መለኪያ ነው። ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ 90 ዲግሪ አለ። አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው፤ የሰዓት ደቂቃ አይደለም፣ የኬክሮስ ደቂቃ። 90 በ60 ብታባዛ 5,400 ይሆናል። የአንዷ ደቂቃ ርዝመት አንድ የባሕር ማይል ነው። ሜትርን መጀመሪያ የፈለሰፉት ፈረንሳዮች ደግሞ ያንኑ ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ያለውን መንገድ 10,000 ኪሎ ሜትር እንዲሆን አድርገው ነው የቆረጡት። 10,000ን ለ5,400 አካፍለው፤ 1.852 ይወጣልሃል። ካርታ ላይ በኬክሮስ ቁጥር ብቻ ርቀት ማንበብ ስለሚቻል መርከበኛውም አብራሪውም አልለቅ ያሉት ለዚህ ነው።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ያ 7 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ያለህ ድረ ገጽ ምን እንዳደረገ ልንገርህ? 5,555ን ለ850 አካፍሎ 30 ደቂቃ ጨምሮበታል። ሞክረው፤ በደቂቃ ልክ ይገጥማል። ነፋስ አላየም፣ አቅጣጫ አላየም። ስለዚህ መሄጃና መመለሻ እኩል ቢሆንበት አይፍረዱበት።

እኛ እንዲህ አናሰላም። ትልቅ አውሮፕላን፣ ቦይንግ ሰባት ሰማንያ ሰባትም ሆነ ኤርባስ ሦስት ሃምሳ፣ ከፍ ካለ በኋላ በማክ 0.85 ይበራል፤ ማለት ከድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ አየሩ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን ድምፅ ራሱ ይዘገያል፤ ያ 0.85 በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልብ በል፣ 900 የሚበረው በአየሩ ውስጥ ነው። አየሩ ራሱ ከሄደ ግን አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲለካ ሌላ ነው።

በዚያ ከፍታ፣ በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብ የነፋስ ወንዝ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። በፈረንጆቹ የቅዝቃዜ ወራት ይበረታል፣ በሙቀት ወራታቸው ይለዝባል፤ አንዳንድ ቀን በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። እስቲ በመካከለኛ ቀን ከፊትህ በአማካይ 90 ይምጣብህ። 900 ሲቀነስ 90፣ 810። አውሮፕላን ደግሞ እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሲነሳ ይዞራል፣ ሲያርፍ ይዞራል፣ መሀል ላይም ነፋሱን ይሸሻል፤ 5,555ቱን 5,700 በለው። 5,700 ለ810 ሰባት ሰዓት ነው። ሲወጣና ሲወርድ ቀስ ስለሚል አሥር አሥራ ሁለት ደቂቃ ጨምር። በሁለቱም ጫፍ መሬት ላይ ለመንዳት ደግሞ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ጨምር። ስምንት ሰዓት ደረስክ።

መመለሻው ላይ ያው 90 ከኋላህ ይገፋሃል። 990። 5,700 ለ990 አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ነው፤ ሌላውን ስትደምር ስድስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ለመጠባበቂያ ትንሽ ጨምረህ ሰሌዳው ላይ 7 ትጽፋለህ።

ለልጅህ ንገራት፣ ቁልቁለት ማለቷ ያን ያህል አልሳተችም። ቁልቁለቱ ነፋስ ነው።

መስኮት_ዳር

ጋሽ ዲስፓቸር በጣም ነው ያመሰገንኩ። ከፊቴ ያለው ስክሪን ላይ ፍጥነቱ 1,140 ሲል አይቼ ይሄ ነገር ሊፈነዳ ነው ብዬ እጄ ላብ ያጠመቀው ቀን ትዝ አለኝ። ለካ ነፋሱ ነው!

ግን ያ «ለመጠባበቂያ» ያሉት ነገር ያናድደኛል። አንድ ጊዜ ካፒቴኑ «ከሰሌዳችን 25 ደቂቃ ቀድመን ደርሰናል» ብሎ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ጌት አልተለቀቀም ተባለና እዚያው አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚነዳበት መንገድ ላይ 40 ደቂቃ ቆምን። ጭብጨባችንን መልሱልን የሚል ሰው ጠፋ።

ጡረተኛው_ዲስፓቸር

ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ብሎክ ታይም ይባላል። ከጎማው ሥር ያለው ማገጃ ተነስቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀባት ቅጽበት ጀምሮ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቆሞ ማገጃው እስኪገባለት ድረስ ነው። አየር ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ የዚያ ክፍል ብቻ ነው። ኩባንያዎች በሰዓቱ ደረሱ አልደረሱ ተብለው ስለሚመዘኑ ያሰፉታል። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ እስከ 15 ደቂቃ ያልዘገየ በሰዓቱ እንደደረሰ ይቆጠራል። ስለዚህ ረዘም አድርገሽ ብትጽፊ ቅጣት የለም፣ አሳጥረሽ ብትጽፊ ግን ትታሚያለሽ። እኔም ጽፌያለሁ፤ አልደብቅም።

ሞኝ_አይደለሁም

እሺ ተሸነፍኩ። ግን አንድ ነገር፦ ሲሄድ የሚያስዘገየው ነፋስ ሲመለስ ያፈጥናል። ስለዚህ ደርሶ መልስ ሲደመር ይካካሳል፣ ነፋስ እንደሌለ ነው ማለት ነው። ይህንንስ ትክዱኛላችሁ?

ቀመር

ይህንንም እክድሃለሁ፣ ይቅርታ። 5,400 ኪሎ ሜትር መንገድ ውሰድ፣ ፍጥነት 900። ነፋስ ከሌለ ስድስት ሰዓት ሄዶ በስድስት ይመለሳል፤ አሥራ ሁለት። አሁን 100 ነፋስ ጨምር። ሲሄድ 5,400 ለ800፣ 6 ሰዓት ከ45። ሲመለስ 5,400 ለ1,000፣ 5 ሰዓት ከ24። ድምሩ 12 ሰዓት ከ9 ደቂቃ። በዘገምተኛው ፍጥነት ረጅም ጊዜ ስለምትቆይ፣ የተሰረቀው ከተመለሰው ሁልጊዜ ይበልጣል። ነፋሱ በጠነከረ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል።

ሞኝ_አይደለሁም

ስሜን ልቀይር መሰለኝ።

ካርታ_ቀዳጅ

አትቀይር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅከው። ደግሞ መዞሯ ምንም የለበትም ማለትም አይቻልም። ያ የነፋስ ወንዝ ወደ ምሥራቅ የታጠፈው ምድር በመዞሯ ነው፤ ከሞቃቱ ወገብ ወደ ዋልታ የሚሄደውን አየር ዙረቷ ያጣምመዋል። በተዘዋዋሪ መንገድ ገብተሃል።

ነፋሱን መጀመሪያ በደንብ የለካው ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር፣ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ፊኛ እየለቀቀ። ውጤቱን ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎ በኤስፔራንቶ፣ ለሰው ሁሉ መግባቢያ እንዲሆን ተብሎ በተፈለሰፈው ቋንቋ አሳተመው፤ ስለዚህ ማንም አላነበበውም። በ1944 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ጃፓን ላይ ሲደርሱ ነፋሱ እያንገላታቸው ነው የተማሩት። ሰው ያላነበበውን በአፍንጫው ይማራል።

አባ ጥያቄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅህ ርቀቱን ካርታ ላይ በማስመሪያ ለመለካት አልሞከረችም?

አባ_ጥያቄ

በትክክል! ግድግዳ ላይ ያለው ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣ ቀጥ ያለ መስመር ሳለች። በረራ የሚያሳየውን መተግበሪያ ስንከፍት ግን አውሮፕላኖቹ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብለው አየርላንድን አልፈው ነው የሚሄዱት። «ለምን ይዞራሉ?» ተባልኩ። ይሄኛውንም ለእናንተ አሳደርኩት።

ካርታ_ቀዳጅ

አይዞሩም፤ የዞረው ካርታው ነው። ያ የግድግዳ ካርታ የመርካቶር ወይም የእርሱ ዘመድ መሆን አለበት፤ መርካቶር በ1569 ለመርከበኞች ብሎ ነው የሠራው። መርከበኛ ኮምፓሱን በአንድ አቅጣጫ አስሮ ሲሄድ መንገዱ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሆንለት ስለፈለገ፣ ለዚያ ሲል ሰሜንና ደቡቡን ለጥጦታል። አቅጣጫው ይገኛል፣ አጭሩ መንገድ ግን ይጠፋል። በማስመሪያዋ መስመር ቢኬድ ከለንደን ኒውዮርክ 5,760 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአጭሩ መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

ይህ ትንሽ ከመሰላት የባሰውን አሳያት። በ60 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ በምድር ተቃራኒ ጎኖች ሁለት ነጥቦች ያስቀምጡ። ያንኑ ኬክሮስ ይዞ ወደ ጎን የሚሄድ ሰው 10,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዋልታው ላይ አቋርጦ የሚሄድ 6,670። ግድግዳችሁ ላይ ያለው ካርታ ግን የመጀመሪያውን ቀጥ አድርጎ፣ ሁለተኛውን ከካርታው ውጭ ወጥቶ እንደሚመለስ እብድ መንገድ ያሳያል።

ሉል ካላችሁ ክር ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ለንደን ላይ፣ ሌላውን ኒውዮርክ ላይ ያዙና ወጥሩት። ክሩ ራሱ ተንሸራቶ አጭሩ መንገድ ላይ ይቀመጣል፣ ሒሳብ አያስፈልገውም። ከዚያ ክሩን በማስመሪያ ለኩ። የሉሉ ወገብ ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ በተመጣጣኝ አስሉ።

መስኮት_ዳር

የአጭሩ መንገድ ነገር ሲነሳ፦ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ያለው በረራስ? በፊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፣ አሁን አሥራ ሦስት ነው። ከተሞቹ አልተንቀሳቀሱም።

ጡረተኛው_ዲስፓቸር

ከተሞቹ አልተንቀሳቀሱም፣ ሰማዩ ተዘጋ እንጂ። ከየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሩሲያ ሰማይ ለብዙ የአውሮፓ ኩባንያዎች ዝግ ነው። አጭሩ መንገድ በሳይቤሪያ ላይ ስለሚያልፍ ወይ በደቡብ ይዞራሉ፣ ወይ በሰሜን ዋልታ በኩል ይሄዳሉ። ድረ ገጹ ላይ ብትፈልጊው ርቀቱ ዛሬም ያው 7,800 አካባቢ ነው፤ የሚያሰላውን ሰዓትም አይቀይርም። ርቀት አስልተሽ የምታገኚው ነገር ነው። ሰዓት ግን በዚያ ቀን ማን እንዳሳለፈሽ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሆነና ማረፊያው ላይ ስንት አውሮፕላን ወረፋ እንደያዘ ይጠይቃል። በአትላንቲክ ላይ ያሉት መስመሮች እንኳ በየቀኑ ሁለት ጊዜ በነፋሱ ልክ እንደ አዲስ ይሠመራሉ፤ ትናንት የሄድሽበት መንገድ ዛሬ የለም።

አዲስ_ገቢ

ዘግይቼ ነው የገባሁት። አብራሪው ሲዘገይ ለምን ቤንዚኑን ረግጦ አይደርስም?

ጡረተኛው_ዲስፓቸር

ከ0.85 ወደ 0.86 ከፍ ቢል፣ በሰባት ሰዓት መንገድ የሚያተርፈው አምስት ደቂቃ ነው። የሚያቃጥለው ነዳጅ ደግሞ ከዚያ በላይ ያስከፍላል። መኪና አይደለም።

አዲስ_ገቢ

ታዲያ በዚያው መንገድ ባምስት ሰዓት ያልሞላ በረራ ነበር የሚባለውስ?

ቀመር

ነበር። በየካቲት 2020 አውሎ ነፋስ አውሮፓን ሲመታ ከኒውዮርክ ለንደን አንድ ቦይንግ 747 በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። ከመሬት ሲለካ አንድ ጊዜ 1,327 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሶ ነበር። ጋዜጦች የድምፅን ፍጥነት አለፈ ብለው ጮኹ። አላለፈም። በአየሩ ውስጥ የሚበረው ያው እንደወትሮው ነው፣ የሮጠው አየሩ ነው።

እውነተኛ ከድምፅ በላይ የሚበረው ኮንኮርድ ግን በየካቲት 1996 ያንኑ መንገድ በ2 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶታል። ወደ ምዕራብ ሲሄድ ደግሞ ከፀሐይ ይቀድም ነበር፤ ከለንደን በተነሳበት ሰዓት ሳይሆን ቀድሞ ኒውዮርክ ይገባል፣ በሰዓቱ ንባብ።

መስኮት_ዳር

በሰዓት ንባብ ካልክ፣ ለአባ ጥያቄ ልጅ ከሁሉ የሚጥማት ይሄ ነው። በፓስፊክ ሳሞአና የአሜሪካ ሳሞአ የሚባሉ ጎረቤት ደሴቶች አሉ፤ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ግን የቀን መለያው መስመር መሀላቸው ስለሚያልፍ ልዩነታቸው ሙሉ 24 ሰዓት ነው። እሑድ ከሰዓት ከሳሞአ ተነስተሽ ቅዳሜ ከሰዓት ትደርሻለሽ። ሳሞአ በ2011 መጨረሻ ከመስመሩ ወዲያኛው ጎን ወደ ወዲህኛው ስትዘል ታኅሣሥ 30 (እ.ኤ.አ.) የሚባል ቀን ጨርሶ አላሳለፈችም።

አባ_ጥያቄ

ይህንን ስነግራት በዚያ ቀን የተወለደ ሰው ልደቱ ምን ሆነ አለች። ወደዚያ አንሄድም።

አንድ የቀረኝ ግራ መጋባት አለ። ትኬት ላይ ከለንደን 10:00 ተነስቶ ኒውዮርክ 13:00 ይደርሳል ይላል (በ24 ሰዓት አቆጣጠር)። ሦስት ሰዓት ይመስላል። አምስት ሰዓት ልዩነት ጨምረን ስምንት አልን። ልክ ነን?

ቀመር

ልክ ናችሁ፣ ግን ቀኑን እዩ። ሁለቱም አገሮች በጸደይ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጋሉ፤ በአንድ ቀን ግን አይደለም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ፣ እንግሊዝ በመጋቢት የመጨረሻው እሑድ። በመሀል ባሉት ሳምንታት ልዩነቱ አምስት ሳይሆን አራት ነው። በመኸር ደግሞ እንግሊዝ ትቀድማለች፤ በጥቅምት መጨረሻ ለአንድ ሳምንት እንደገና አራት ይሆናል። በረራው አንድ ሰዓት የረዘመ ወይ ያጠረ ሲመስላችሁ ያ ነው።

አባ_ጥያቄ

ክሩን ሠራነው። ሉላችን ወገቡ ላይ ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በክር ለካነው። ስለዚህ አንዱ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከለንደን ኒውዮርክ 13 ሴንቲ ሜትር ወጣ፤ 5,525። በክርና በማስመሪያ!

ደብተሯ ላይ የጻፈችው ይህ ነው፦ «ርቀት፦ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ 5,555 ኪሎ ሜትር። ጊዜ፦ ሲሄዱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ሲመለሱ 7 ሰዓት ገደማ፣ በነፋስ ምክንያት።» መምህሯ አንድ ቁጥር ነው የጠየቅኩት ካላት ይህንን ክር አሳየዋለሁ።

አሁን ክሩን ከሲድኒ ወደ ሳንቲያጎ ወጥራው ቁጭ ብላለች። «ይሄ ወደ አንታርክቲካ ወርዷል፣ ተሳስቻለሁ?» ትላለች።

ካርታ_ቀዳጅ

አልተሳሳተችም። አትንካባት።